የቀንድ ከብት ቫይረሶች የዘር ለውጥና የሰፈራ በሬዎች ጥበቃ በሊሙ ገነት አካባቢ

መግቢያ

ድርቅ ከገበሬው እጅ ከሚነጥቃቸው ንብረቶች መካከል በቶሎ የማይተካው በሬ ነው። እህል በአንድ ክረምት ይመለሳል፤ ጎጆም በጥቂት ሳምንታት ይቀለሳል። ለእርሻ የደረሰ በሬ ግን የዓመታት ልፋት ውጤት ነው። በዚህም ምክንያት ተጎጂውን በቀዬው መልሶ ለማቋቋምም ሆነ ወደ አዲስ ቦታ ለማስፈር በሚወጣ ዕቅድ ውስጥ የእርሻ በሬ ግዥ ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል። ይሁን እንጂ የተገዛው በሬ ወደ ሰፈራው ቦታ የሚገባው ብቻውን አይደለም። በአፉ፣ በቆዳውና በደሙ ውስጥ ዓይን የማያያቸውን ተሕዋስያን ይዞ ይገባል፤ እዚያም ከነባሩ ገበሬ ከብት ጋር በአንድ ግጦሽና በአንድ ውሃ ላይ ይገናኛል።

ስለ ከብት በሽታ ሲነሣ በአስተዳደርና በዕርዳታ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ጥያቄ «ክትባት አለ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው «የየትኛው ቫይረስ፣ ከቫይረሱም የየትኛው ዓይነት ክትባት?» የሚል ነው። ቫይረሶች የየራሳቸው ዘር አላቸው፤ ዘራቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለወጣል። የአንዱ ለውጥ ክትባቱን ከንቱ ሲያደርገው የሌላው ለውጥ ክትባቱን አይነካውም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የበሬ ግዥና የክትባት ዕቅድ ማውጣት ገንዘብንም ገበሬንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የቀንድ ከብት ታሪክ ትልቅ ቦታ ያላቸውን ሦስት የቫይረስ በሽታዎች፣ ይኸውም ደስታን፣ አፍተግርንና ጉርብርብን፣ በዘር ለውጣቸው መሠረት እያነጻጸረ ይመረምራል። ከዚያም ከዚህ ዕውቀት የሚመነጨውን የሥራ መመሪያ በጅማ ዞን በሊሙ ገነት ከተማ ዙሪያ ካለው ሁኔታ ጋር ያገናዝባል።

1. የቫይረስ ዘር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለወጥ

ቫይረስ በራሱ የማይመገብ፣ የማይተነፍስና የማይራባ እጅግ ጥቃቅን ነገር ነው። የሚራባው በሌላ ሕያው አካል ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ያንን ሕዋስ የራሱን ቅጅዎች እንዲያመርት በማስገደድ ብቻ ነው። ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው ትእዛዝ የተጻፈው በዘረ መሉ ላይ ነው። ዘረ መል በአራት «ፊደላት» ብቻ እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ሊቆጠር ይችላል። በአንዳንድ ቫይረሶች ጽሑፉ ዲ.ኤን.ኤ. ከሚባለው ንጥረ ነገር፣ በሌሎቹ ደግሞ አር.ኤን.ኤ. ከሚባለው የተሠራ ነው።

ልዩነቱ ለተግባር ሠራተኛውም ትርጉም አለው። በጥንቱ ዘመን መጽሐፍ ሲገለበጥ አንዳንዱ ጸሓፊ የጻፈውን መልሶ ያነብና ያርም ነበር፤ ሌላው ሳያርም ወደ ቀጣዩ ገጽ ያልፍ ነበር። ዲ.ኤን.ኤ. ያላቸው ቫይረሶች በአብዛኛው የሚያርም ጸሓፊ አላቸው። አር.ኤን.ኤ. ያላቸው አብዛኞቹ ግን የማያርም ጸሓፊ ስላላቸው በየቅጅው ስሕተት ይገባል። የአፍተግር ቫይረስ ዘረ መል 8,400 ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ በሚገለበጥበት ጊዜ በየ10,000 ፊደል አንድ ያህል ስሕተት እንደሚፈጸም ይገመታል። ይህም ማለት ከአንድ የታመመ በሬ የሚወጡት እልፍ አእላፍ ቅጅዎች እርስ በርሳቸው ሙሉ በሙሉ አይመሳሰሉም ማለት ነው።

ከነዚህ ስሕተቶች አብዛኞቹ ለቫይረሱ ጎጂ ወይም ፋይዳ ቢስ ናቸው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ግን ቫይረሱ በቶሎ እንዲራባ ወይም ከእንስሳው የመከላከያ ኃይል እንዲያመልጥ ይረዱታል። እንዲህ ያለው ቅጅ ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛል። ዝግመተ ለውጥ የሚባለውም ይኸው ስሕተትና ምርጫ ለረጅም ጊዜ ተደጋግሞ ሲቀጥል የሚገኘው ውጤት ነው።

የፊደላቱ ለውጥ ሌላም ጥቅም አለው። ከሁለት ቦታ የተገኙ ቫይረሶች ዘረ መል ጎን ለጎን ሲነበብ፣ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በቅርብ ጊዜ ከአንድ ምንጭ እንደ ወጡ፣ ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ደግሞ ከተለያዩ ረጅም ዘመን እንዳለፈ ይታወቃል። ሰው የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ዘመዱን እንደሚለይ ሁሉ የላቦራቶሪ ባለሙያም የቫይረሱን ፊደል ቆጥሮ በሽታው ከየት እንደ መጣ ይናገራል።

2. ደስታ፦ አንድ ክትባት የበቃው ቫይረስ

በኢትዮጵያ ታሪክ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወቀው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኀብ ዋነኛ ምክንያቱ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይነገራል። ከሀገሪቱ የቀንድ ከብት ከ10 እጅ 9 እጅ ያህሉ እንዳለቀ ሲገመት፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ባለመቻሉ ድርቅና አንበጣ ሲጨመሩበት ሕዝቡ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የከብት ቫይረስ የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የረኀብ ምንጭም ነው።

የደስታ ቫይረስ 16,000 ያህል ፊደላት ያሉት የአር.ኤን.ኤ. ቫይረስ ነው። የሰው ኩፍኝ፣ የውሻና የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታዎች ቫይረሶች የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 በርሊን ውስጥ በኩፍኝ ከሞተ ሰው ተወስዶ የተጠበቀ የሳንባ ናሙና ተነብቦ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት መሠረት፣ የኩፍኝና የደስታ ቫይረሶች የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሊሆን ይችላል። ሰውና ከብት በብዛት አብረው መኖር ከጀመሩ በኋላ የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው መሻገሩን ይህ ያመለክታል።

የደስታ ቫይረስም እንደ ዘመዶቹ በገለባበጥ ጊዜ ይሳሳታል። በዚህም ምክንያት በዓለም ላይ ሦስት ወገኖች ሊለዩ ችለዋል፤ ሁለቱ የአፍሪካ፣ አንዱ የእስያ ናቸው። ከአፍሪካውያኑ አንደኛው ወገን በኢትዮጵያና በሱዳን ሲታይ፣ ሁለተኛው በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ይዞር ነበር። ከሁለተኛው ወገን በኬንያና በሶማሊያ አዋሳኝ አካባቢ የቀረው ቫይረስ በከብት ላይ ቀላል ምልክት ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ኖሯል።

ለሥራ ዋናው ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሦስቱ ወገኖች በዘር ቢለያዩም በውጫዊ ገጻቸው፣ ማለትም የከብቱ የመከላከያ ኃይል በሚያውቀው ክፍል፣ እጅግ ተመሳሳይ ነበሩ። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጠቀምበት የገጹ ክፍል እንደ ቁልፍ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ከተለወጠ ቁልፉ በሩን አይከፍትም። ስለሆነም በገጹ ላይ የሚፈጠረው ለውጥ ቫይረሱን ራሱን ይጎዳዋል። ኬንያ ውስጥ በዋልተር ፕላውራይት መሪነት በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተዘጋጀው ክትባት ከአንድ ዝርያ ቫይረስ የተሠራ ሆኖ ሳለ ለሁሉም ወገኖች የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተከተበ ከብትም ዕድሜውን ሙሉ ተጠብቆ ይኖር ነበር።

ክትባቱ ብቻውን ግን ድል አላስገኘም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካ የተካሄደው የመጀመሪያው የጋራ ዘመቻ በሽታውን እጅግ ቢቀንሰውም ጥቂት መደበቂያዎች ስለ ቀሩለት እንደገና ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የመላ አፍሪካ ዘመቻ በኋለኛው ምዕራፉ በሽታው ወደሚሸሸግባቸው የቆላ አርብቶ አደር አካባቢዎች ትኩረቱን አደረገ። ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት በመዘጋጀቱም ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች መኪናና ማቀዝቀዣ በማይደርስበት በአፋር ቆላ ሊሠሩ ቻሉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ሀገሪቱ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ለክፉ ጊዜ የሚሆን የደስታ ክትባት እንዲያስቀምጥ ከተፈቀደላቸው ጥቂት የዓለም ተቋማት አንዱ ነው።

3. አፍተግር፦ ገጹን የሚለዋውጥ ቫይረስ

የደስታ ድል በብዙ ሠራተኞች አእምሮ ውስጥ «ክትባት ከተሰጠ በሽታ ይጠፋል» የሚል እምነት አሳድሯል። ይህ እምነት ለአፍተግር አይሠራም።

የአፍተግር ቫይረስ ሰባት ዓይነቶች አሉት፤ እነርሱም ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ሳት 1፣ ሳት 2፣ ሳት 3 እና ኤዥያ 1 ናቸው። ከነዚህ በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 ሲሆኑ፣ ዓይነት ሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በዓለም ላይ አልታየም። በአንዱ ዓይነት ታሞ የዳነ ወይም ለአንዱ ዓይነት የተከተበ ከብት ከሌላው ዓይነት አይጠበቅም። በእያንዳንዱ ዓይነት ውስጥም በየአካባቢው የተለዩ ንዑስ ወገኖች አሉ። በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዓይነት ኦ «ምሥራቅ አፍሪካ 3» በሚባለው ንዑስ ወገን ውስጥ የሚመደብ ነው። የንዑስ ወገኖቹ ልዩነት ሲሰፋ ለአንዱ የተሠራው ክትባት ለሌላው የሚሰጠው ጥበቃ ሊቀንስ ይችላል።

ቫይረሱ ይህን ያህል ሊለዋወጥ የቻለበት ምክንያት በገጹ አሠራር ላይ ነው። ወደ ሕዋስ የሚገባበት «ጥርስ» እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ክፍል እንደ ቁልፍ እጀታ ቅርጹ ቢለወጥም ቁልፉ መሥራቱን አያቆምም። የከብቱ መከላከያ ኃይል በአብዛኛው የሚያውቀው ይህንኑ እጀታ ስለሆነ፣ እጀታው ሲለወጥ የተከተበው ከብት ጠላቱን መለየት ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ የዳኑ ከብቶች አንዳንዶቹ ቫይረሱን በጉሮሯቸው ውስጥ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይዘው ይቆያሉ። ጎሽም በተለይ ለሳት ዓይነቶች የረጅም ጊዜ ማደሪያ መሆኑ በአፍሪካ የታወቀ ነው።

የቫይረሱ ጉዞ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይቷል። በዚያ ዓመት በኢራቅ፣ በዮርዳኖስና በቱርክ የተከሰተው ሳት 2 ዘረ መሉ ሲነበብ፣ ባለፈው ዓመት በኢትዮጵያ ከተገኙት ቫይረሶች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ቫይረሱ የከብት ንግድን መንገድ ተከትሎ ቀይ ባሕርን የሚሻገር ከሆነ፣ ከአንዱ ወረዳ ገበያ ወደ ሌላው ወረዳ ሰፈራ መሻገር ምንም እንደማያግደው መረዳት አያዳግትም።

አፍተግር የደረሰ ከብትን የሚገድለው ከስንት አንዱን ነው። በዚህም ምክንያት የሞት ቁጥር ብቻ በሚመዘገብበት የሪፖርት ቅጽ ላይ ቀላል በሽታ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ምላሱና የሰኮናው መካከል የቆሰለ በሬ አይበላም፤ ቀንበር አይሸከምም። በእርሻ ወቅት ለሦስትና ለአራት ሳምንታት የተኛ በሬ በሕይወት ቢኖርም የገበሬው የዓመት ምርት አብሮት ወድቋል። አንድ ጥማድ በሬ ለብዙ አባወራ በጋራ በተመደበበት የሰፈራ ጣቢያ ጉዳቱ የብዙ ቤተሰብ ረኀብ ይሆናል።

4. ጉርብርብ፦ በዝግታ የሚለወጥ፣ ነገር ግን የሚያታልል ቫይረስ

ጉርብርብ የከብቱን ቆዳ በጠንካራ እብጠቶች የሚሸፍን፣ ወተትን የሚያደርቅ፣ ሥጋን የሚያከሳና የቆዳውን ዋጋ የሚያሳጣ በሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 በዛሬዋ ዛምቢያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1983 በጣና ሐይቅ ዙሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን የሀገሪቱን ክፍል አዳርሷል። ቫይረሱን በዋናነት የሚያዛምቱት ደም የሚመጡ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ስለሆኑ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ በሽታው ይበረታል።

ይህ ቫይረስ የዲ.ኤን.ኤ. ቫይረስ ነው። ዘረ መሉ 150,000 ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን በገለባበጥ ጊዜ ስለሚታረም በዝግታ ይለወጣል። እንደ አፍተግር በብዙ ዓይነት የተከፋፈለ ስላልሆነ፣ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አንድ ክትባት ሊበቃው ይገባ ነበር። ሆኖም በኢትዮጵያ የተከተቡ ከብቶች ሲታመሙ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ምክንያቱን ለማወቅ የመስክ ቫይረሶችና በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ዘረ መል ተነጻጸረ። በሀገሪቱ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ክትባት «የኬንያ በግና ፍየል ፈንጣጣ» ከሚባል ቫይረስ የተዘጋጀ ነበር። ፊደሎቹ ሲነበቡ ግን ቫይረሱ በስሙ የበግና የፍየል ቢባልም በዘሩ የከብቱ የጉርብርብ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናትም የመስኩና የክትባቱ ቫይረሶች በዘረ መል ልዩነት እንዳላቸው ተገልጾ፣ ይህ ልዩነት ለክትባቱ መክሸፍ ሊያበረክት የሚችለው ድርሻ ተመልክቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የቫይረስ ማንነት የሚረጋገጠው በብልቃጡ ላይ በተለጠፈው ስም ሳይሆን በዘረ መሉ ንባብ መሆኑ ነው።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከውጭ ሀገር የተገኘ ነው። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ የዘረ መላቸውን ክፍሎች ሊለዋወጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሩሲያ የክትባትና የመስክ ቫይረሶች ክፍሎች ተዳቅለው የተፈጠረ የጉርብርብ ቫይረስ ተገኘ፤ ተመሳሳይ ድቅሎችም ከ2019 ጀምሮ በቻይናና በአጎራባች የእስያ ሀገሮች ተስፋፉ። በጥራት ያልተመረመረ ክትባት አለመጥቀሙ ብቻ ሳይሆን አዲስ ጠላት ሊወልድ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

5. የሊሙ ገነት አካባቢ ሁኔታ

ሊሙ ገነት ከጅማ ከተማ በስተ ሰሜን የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። የሊሙ እናርያ መንግሥት በነበረበት በ19ኛው መቶ ዓመት የሰቃ ገበያ ከከፋና ከጎጃም የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ዛሬም ቡናው ሲደርስ ለለቀማ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ሰው ወደ አካባቢው ይጎርፋል፤ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ የከብት ገበያም ይደምቃል። የቡና ለቀማው መጀመሪያ ጉርብርብ ከሚበረታበት ወቅት ጋር መገጣጠሙ በዕቅድ ጊዜ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ጅማ ዋና ከተማው የነበረችው የቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ሰፋሪዎች ከተላኩባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። በዚያ ዘመቻ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጓጉዟል። ሥራው በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሰፋሪው ፈቃድ የተፈጸመ በመሆኑ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየክልሉ ውስጥ የሚካሄድ የሰፈራ ፕሮግራም ሥራ ላይ ውሏል። በሁለቱም ዘመን ሰፋሪው ከነባሩ ገበሬ አጠገብ ጎጆ ሲቀልስ፣ የሁለቱ ከብቶች ግጦሽና ውሃ መጋራታቸው የማይቀር ነው።

አካባቢው ሌላም ችግር አለበት። ወደ ግቤና ወደ ዴዴሳ ሸለቆዎች ሲወረድ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ። ገንዲ የቫይረስ በሽታ ባይሆንም የከብቱን የመከላከያ ኃይል ስለሚያዳክም ክትባት በሚገባ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከድርቅ አገር ከስቶ የመጣ በሬ በገንዲ ቢያዝና በዚያው ሳምንት ቢከተብ፣ በመዝገብ ላይ «የተከተበ» ተብሎ ቢጻፍም በእውነቱ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

6. ከጥናቱ የሚወጣ የሥራ መመሪያ

ሀ. የግዥ ጊዜ። ለአፍተግር የመጀመሪያ ክትባት ሁለት ጊዜ በአንድ ወር ያህል ልዩነት መሰጠት አለበት፤ ከሁለተኛው በኋላም መከላከያው እስኪጠነክር ጊዜ ያስፈልጋል። ለጉርብርብ ክትባትም ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ይገባል። ስለዚህ በሬ የሚገዛው እርሻ ከመጀመሩ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መሆን ይኖርበታል። በእርሻ ዋዜማ የተገዛ በሬ ያልተጠበቀ በሬ ነው።

ለ. የግዥ ቦታ። በሬ የሚገዛበት ገበያ አካባቢ በቅርብ ወራት የአፍ ቁስል፣ የሰኮና ቁስል ወይም የቆዳ እብጠት መታየቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያና ከገበሬዎቹ በራሳቸው ቋንቋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሩቅ ከሚመጣ ርካሽ በሬ ይልቅ ከአቅራቢያው የተገዛ በሬ የአካባቢውን ቫይረስና ዝንብ ስለለመደ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ሐ. ለይቶ ማቆየት። በዓለም አቀፍ ደንብ የአፍተግር የመታየት ጊዜ እስከ 14 ቀን፣ የጉርብርብ እስከ 28 ቀን ነው። አዲስ የገቡ በሬዎች ከነባሩ ከብት ተለይተው 28 ቀን ቢቆዩ ሁለቱም በሽታዎች ይጋለጣሉ። ለነዚህ ቀናት የሚሆን መኖና ውሃ በግዥው በጀት ውስጥ አብሮ መታቀድ አለበት።

መ. ከክትባት በፊት እንክብካቤ። የከሳ በሬ መጀመሪያ መመገብ፣ በገንዲ መያዝ አለመያዙ መመርመርና መታከም ይገባዋል።

ሠ. ናሙና። የአፍተግር ምልክት ሲታይ ወዲያው ክትባት ከመጠየቅ በፊት ናሙና መውሰድ ግዴታ ነው። ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ሲዘጋጅ የቆየው የአፍተግር ክትባት ዓይነት ኦን፣ ኤን እና ሳት 2ን የሚመለከት ነው። በሽታውን ያመጣው ሳት 1 ከሆነ ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል። ናሙናው ከተፈነዳ አዲስ እብጠት የተላጠ ሽፋን ሲሆን፣ ቫይረሱን አሲድ ስለሚገድለው ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በበረዶ ሣጥን መጓዝ አለበት። ለጉርብርብ ከቆዳው እብጠት ወይም ከደረቀው ቅርፊት መውሰድ ይበቃል፤ ቫይረሱ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የታመመ ከብት ቆዳ ከቦታ ቦታ መጓጓዝ የለበትም። ከሊሙ ገነት የሚወጣ ናሙና በበደሌ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በኩል አልፎ ዘረ መሉ ሊነበብበት ወደሚችለው ወደ ሰበታው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይደርሳል።

ረ. መዝገብ። እያንዳንዱ በሬ ከየትኛው ገበያ፣ መቼ እንደ ተገዛ፣ በየትኛው ክትባት፣ ከየትኛው የምርት ቁጥር ብልቃጥ እንደ ተከተበ መጻፍ አለበት። የቫይረሱ ፊደል ዝምድናን ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን በሬው የተጓዘበትን መንገድ የሚናገር መዝገብ ከሌለ ምንጩን አግኝቶ መዝጋት አይቻልም። በሪፖርቱም ላይ ከሞቱት ቁጥር ጎን «ሳያርሱ የዋሉ ቀናት» የሚል ዓምድ ቢጨመር እውነተኛው ጉዳት ይታወቃል።

ሰ. ነባሩን ገበሬ ማሳወቅ። በሽታ ከሰፋሪው በሬ ወደ ነባሩ ከብት ከተዛመተ ውጤቱ የጤና ብቻ አይደለም፤ በጎረቤታሞች መካከል ቂም ይተክላል። ስለሆነም የክትባቱና የለይቶ ማቆየቱ ሥራ ሁለቱንም ወገኖች በአንድነት ማካተት ይገባዋል። ለሰፋሪው በሬ ብቻ የተሰጠ ክትባት ለግማሽ መንጋ የተሰጠ ክትባት ነው።

ማጠቃለያ

ደስታ የጠፋው ክትባት ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። የቫይረሱ ገጽ አንድ ስለ ነበረ፣ ክትባቱ ዕድሜ ልክ ስለሚጠብቅ፣ የመጨረሻው መደበቂያም ተፈልጎ ስለ ተገኘ ነው። አፍተግር ብዙ ገጽ ያለው በመሆኑ ዓይነቱ ሳይለይ የሚሰጥ ክትባት ዕድል እንደ መሞከር ይቆጠራል። ጉርብርብ በዝግታ የሚለወጥ ቢሆንም የክትባቱ ማንነትና ጥራት ካልተረጋገጠ ያታልላል። ሦስቱን በአንድ ስም «የከብት በሽታ» ብሎ፣ መድኃኒታቸውንም በአንድ ስም «ክትባት» ብሎ ማቀድ የድርቅ ተጎጂው በስንት ችግር ያገኘውን በሬ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያጣ ያደርጋል። ናሙና ለመላክ የሚጠፋው ጥቂት ቀንና ጥቂት ብር፣ ከአንድ የእርሻ ወቅት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአንድ የሰፈራ ጣቢያ ባለፈው ዓመት ለአፍተግር የተከተቡ በሬዎች ዘንድሮ ቢታመሙ፣ ክትባቱ ተበላሽቷል ከማለት በፊት የትኞቹ ሌሎች ምክንያቶች ሊመረመሩ ይገባል?

2. ለደስታ ማጥፋት ያገለገለው የክትባት ዘመቻ ለአፍተግር እንዳለ ቢወሰድ የማይሠራው ስለምንድን ነው?

3. በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የበሬ ግዥ የጊዜ ሰሌዳ 28 የለይቶ ማቆያ ቀናትንና ሁለቱን የአፍተግር ክትባቶች ያካትታልን? ካላካተተ በየትኛው ወር ሊጀመር ይገባል?